የእማዬ የሳሎን ሐረግ፦ ሥር አወጣ፣ ግን አላድግ አለ

የሳሎን_ሐረግ · ኅዳር 9

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ሳነብ የቆየሁ ነኝ፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ጻፍኩ።

እማዬ ሳሎን ውስጥ አንድ ሐረግ አለ። እናንተ ፖቶስ የምትሉት፣ ሰፈር ውስጥ መኒ ፕላንት የሚባለው፣ አረንጓዴ ቅጠሉ ላይ ቢጫ የተረጨበት። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከሶፋው ጥግ ይነሳል፣ በሚስማርና በክር ግድግዳውን ይዞ የአባዬን ፎቶ ይዞራል፣ በመስኮቱ አናት አልፎ እስከ ጓዳው በር ይደርሳል። ባለፈው ሳምንት በሜትር ለካሁት። 7 ሜትር ከ20።

ቤቱን ልንለቅ ነው። ከጥምቀት በኋላ እማዬ ኮንዶሚኒየም ትገባለች። አዲሱ ሳሎን የድሮው ግማሽ አይሆንም፤ ሐረጉን እንዳለ ከግድግዳ አውርዶ መውሰድ የማይታሰብ ነው። ልጆቿ አምስት ነን። አምስታችንም "ለእኔም ከሱ ትንሽ" ብለናል። አንዱ ወንድማችን ቨርጂኒያ ነው፣ እሱም አልቀረም።

እኔም ቀድሜ ልሞክር ብዬ መጋቢት ላይ ስድስት ያማሩ ያማሩ ቅጠሎች ቀነጠስኩና በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆምኳቸው። ሁለቱ በሰበሱ። አራቱ ግን ሥር አወጡ! ነጭ፣ እንደ ጺም የተንዠረገገ ሥር። ደስ ብሎኝ ለእህቶቼ ፎቶ ላኩ። ግንቦት ላይ ሦስቱን በኒዶ ቆርቆሮ ተከልኳቸው፤ አንዱ ብርጭቆው ስለሚያምር እዚያው ቀረ።

ይኸው ኅዳር ነው። አልሞቱም። አልጠወለጉም። አዲስ ቅጠል ግን አንድም የለም። እንደ ፕላስቲክ አበባ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ምን አጥፍቼ ነው? ማዳበሪያ ልጨምር?

ቤቴል_በረንዳ · ኅዳር 9

ማዳበሪያ አትጨምሪ! ቆይ መጀመሪያ። "ቀነጠስኩ" ስትዪ ከሐረጉ ግንድ ጋር ነው ወይስ ቅጠሉን ከነእጀታው ብቻ?

የሳሎን_ሐረግ · ኅዳር 9

ከነእጀታው ብቻ። ግንዱን መቁረጥ ፈራሁ። እማዬ ደግሞ መቀሱን ስታይ ከአጠገቤ አልነቃነቅ አለች።

ቤቴል_በረንዳ · ኅዳር 9

በቃ ተገኘ።

ሐረጉን ያዢና በጣትሽ ዳስሺው። በየተወሰነ ርቀቱ እንደ ሸንኮራ አገዳ እብጥ ያለ ቋጠሮ ታገኛለሽ። አንጓ የሚባለው እሱ ነው። እያንዳንዱ አንጓ ላይ አንድ ቅጠል አለ። በቅጠሉ ብብት ውስጥ የተኛች፣ ካላስተዋልሽ የማትታይ እምቡጥ አለች። በሌላው ጎን ደግሞ ቡናማ ኪንታሮት የምትመስል ጉብታ አለች፤ ግድግዳ የሚቆነጥጠው ሥር የሚወጣው ከሷ ነው።

አዲስ ሐረግ የሚወጣው ከዚያች ከተኛችው እምቡጥ ነው። ከሌላ ቦታ አይወጣም። ቅጠልና እጀታው ሥር ማውጣት ይችላሉ፣ አይተሽዋል። ቡቃያ ግን ከየት ያምጡ? እምቡጧ እናቷ ላይ ቀርታለች። ስለዚህ ያ ቅጠል ውሃውን እየጠጣ፣ ብርሃኑን እየሞቀ፣ እስኪያረጅ እንዲሁ ይቀመጣል። የማዳበሪያ ጆንያ ብትገለብጪበትም ያው ነው።

አይዞሽ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ባንክ ወረፋ ስጠብቅ ከጥጉ ካለው ሐረግ አንዲት ቅጠል በጥሼ ኪሴ ከትቼ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅኳት። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ሜሪላንድ_ነዋሪ · ኅዳር 10

ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እዚህ ለፍቅረኞች ቀን አንዲት ልብ የመሰለች ወፍራም ቅጠል በትንሽ ዕቃ ተክለው ይሸጣሉ፤ ሆያ ትባላለች። ለባለቤቴ ገዛሁላት። ሦስት ዓመት ሆነው፣ ዛሬም አንዲት ቅጠል ናት። "ፍቅርህ አያድግም እንዴ" እያለች ትቀልድብኛለች። አሁን ገና ምክንያቱን አወቅኩ። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፣ ካመነችኝ።

ጋሽ_ችግኝ · ኅዳር 10

ልጄ፣ ቤቴል ያለሽ ትክክል ነው። እኔ 31 ዓመት መንገድ ዳር ችግኝ ሸጫለሁ። ስንቱ ሰው ነው አንድ ቅጠል ይዞ መጥቶ "ይቺን ተክዬ ለምን እምቢ አለችኝ" ያለኝ።

አሁን የሚሻልሽን ልንገርሽ። ውሃውን ተዪው። ብርጭቆ ለሻይ ነው።

ከጫፉ ወደ ኋላ እየቆጠርሽ ሁለት ሁለት አንጓ ያለው ቁራጭ አድርጊ። ከታችኛው አንጓ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብለሽ ቁረጪ። የታችኛውን ቅጠል አንሺ፣ የላይኛውን ተዪ። የታችኛው አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ።

አፈሩ የጓሮ ጭቃ እንዳይሆን። አንድ እጅ የደን አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደቃቅ ሬድ አሽ። ሬድ አሽ ያ ቀዩ ጠጠር ነው፣ ሕንፃ የሚሠራበት ሁሉ ይገኛል፤ ዘበኛውን ለምኚው፣ ሁለት ጣሳ አይከለክልሽም። ፍግ አሁን አትጨምሪ፣ ገና ሥር ያልያዘን ነገር ያቃጥላል። ቆርቆሮውን ከታች በሚስማር አራት ቦታ ብሺው። ስታጠጪ እጅሽን ሰብስቢ። ብዙ ሰው ተክሉን የሚገድለው በውሃ ጥም አይደለም፣ በውሃ ብዛት ነው።

የታችኛው የሐረጉ ክፍል ቅጠሉን አርግፎ ራቁቱን ከሆነም እንዳትጥዪው። አንጓው ካልደረቀ እምቡጡ አለ። እሱን ስትቆራርጪ ግን ላይና ታቹ ይጠፋብሻል፤ ቅጠል የለውማ። ሁልጊዜ ታችኛውን በሰያፍ፣ ላይኛውን ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ። እንዳትገለብጪው።

ቤቴል_በረንዳ · ኅዳር 10

ጋሼ በአክብሮት እቃወማለሁ። ለጀማሪ ውሃ ይሻላል። ሥሩ ሲወጣ ያያል፣ ልቡ ያርፋል። አፈር ውስጥ የገባውን ግን እህታችን በሦስተኛው ቀን ነቅላ ታየዋለች። አውቃለሁ፣ እኔም ነቅዬ አይቻለሁ።

ጋሽ_ችግኝ · ኅዳር 10

እጅ የማያርፍለት ሰው በምንም አይተክልም።

የቆቃዋ · ኅዳር 11

ሰላም። እኔ ቆቃ አካባቢ አበባ እርሻ ነው የምሠራው። ሰው አበባ እርሻ ሲባል ጽጌረዳ ብቻ ይመስለዋል። እዚህ አካባቢ ግን ቁራጭ ብቻ የሚያመርቱም አሉ። ጄራኒየምና መሰሎቹን ከእናት ተክል ላይ እየቆረጥን፣ በትንንሽ ከረጢት ቆጥረን፣ ገና ሥር ሳይኖረው በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ እንልካለን። ሥር የሚያስይዘው እዚያ ያለው ገበሬ ነው። እዚያ በየበረንዳው ተንጠልጥሎ የሚታየው አበባ ስንቱ ከዚህ ተቆርጦ የሄደ ነው።

ስለ ውሃና አፈሩ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ነው የነገራችኋት።

ሥር ለመውጣት እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ብርጭቆ ውስጥ እርጥበት ሞልቷል፣ አየሩ ግን ያልቃል። ለዚህ ነው ውሃው በየአራት በየአምስት ቀኑ መቀየር ያለበት። ሌላው ነገር፣ ውሃ ውስጥ ያደገ ሥር ውሃውን ለምዷል። አፈር ሲገባ ይደነግጣል። ስለዚህ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አዛውሪው፤ እንደ ጺም እስኪንዠረገግ አትጠብቂ። ከተዛወረም በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አፈሩ እርጥበት አይጣ። አፈር ውስጥ የተወለደው ሥር ግን ይሄ ሁሉ መንከባከብ አያስፈልገውም። ለዚህ ጋሼ ልክ ናቸው።

ጋሼ "እንዳትገለብጪው" ያሉትም ምክንያት አለው። ኦክሲን የሚባል ሆርሞን አለ። ከሐረጉ ጫፍ ተነስቶ ግንዱን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ስንቆርጠው መውረጃ ያጣና ቁስሉ አካባቢ ይጠራቀማል። ሥር የሚወጣውም እዚያ ነው። በሱቅ የሚሸጠው የሥር ዱቄትም የዚሁ ሆርሞን ዘመድ ነው። ለፖቶስ ግን ገንዘብሽን አታውጪ፣ ራሱ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ምላጩን በአልኮል ጥረጊ። እኛ ጋ አንድ ሰው መቁረጫውን ሳያጸዳ ከአንዱ መደዳ ወደ ሌላው ካለፈ ሥራው ላይ አይቆይም። በሽታ የሚሄደው በስለት ነው።

የሳሎን_ሐረግ · ኅዳር 11

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ዛሬ ማታ የሐረጉን አንጓ በባትሪ እያበራሁ ቆጠርኩት። እማዬ "ምን ትቆጥሪያለሽ፣ የዕቁብ ገንዘብ ነው?" አለችኝ።

ስለ እምቡጧ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ ይሄን እኮ እኔም አውቃለሁ፣ ጌሾ እንዴት የሚተከል መሰለሽ" አለች። ስምንት ወር ሙሉ ቅጠሎቹን እያየች ምንም አላለችኝም!

ውሳኔያችን፦ ከጫፉ 2 ሜትር ገደማ እንቆርጣለን። ስምንት ቁራጭ በውሃ፣ ስምንት በጋሼ አፈር። ቀሪው ግድግዳው ላይ እንዳለ ይቆያል፤ እነዚህ ካልያዙ ሌላ እንዳይነካ ተብያለሁ።

ጋሽ_ችግኝ · ኅዳር 11

እናትሽን ሰላም በይልኝ። ሴትዮዋ ገብቷቸዋል።

እሳቸው የሚፈሩ ከሆነ ሳይቆረጥ የሚሆን ዘዴም አለ። ሐረጉ ወደ መሬት ቀረብ የሚልበት ቦታ አፈር የሞላ ቆርቆሮ አስጠጊ። አንዱን አንጓ አፈሩ ላይ አስተኝተሽ በፀጉር ሽቦ ወጋ አድርገሽ ያዢው። አጠጪ። ከእናቱ ሳይለይ እየጠባ ሥር ይሰዳል። ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ያኔ እትብቱን ቁረጪ። በዚህ ዘዴ የከሸፈብኝ ጥቂት ነው።

ድመት_አለኝ · ኅዳር 12

ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣ። ድመቴ ይሄንን ሐረግ ማኘክ ትወዳለች። ችግር አለው?

የቆቃዋ · ኅዳር 12

አለው። ቅጠሉም ግንዱም ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ፣ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ። አፍና ጉሮሮ ይወጋሉ። ድመቷ ምራቋን ታዝረከርካለች፣ ታስመልሳለች። ለሚድህ ሕፃንም ያው ነው። ከፍ አድርገሽ ስቀዪው። ስትቆርጪም ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል፤ ዓይንሽን ሳትነኪ እጅሽን ታጠቢ።

ድመት_አለኝ · ኅዳር 12

ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ከቁም ሳጥኑ ላይ ሆና እያየችው ነው።

የሳሎን_ሐረግ · ታኅሣሥ 1

ተመለስኩ፣ በመጥፎ ዜና። 20 ቀን ሞላ። ውሃ ውስጥ ያሉት ስምንቱ ምንም የላቸውም። አንዱ ከታች ጠቁሮ ይሸታል። አፈር ውስጥ ያሉትን አልነካኋቸውም (ጋሼ፣ እየማልኩ ነው)። የኢንተርኔቱ ሁሉ "ከሁለት እስከ አራት ሳምንት" ይላል። የእኔ ምን ሆነ? አንጓቸው ውሃ ውስጥ ነው፣ ውሃውን በየአራት ቀኑ እቀይራለሁ።

ሀዋሳ_ልጅ · ታኅሣሥ 1

የእኔ በ10 ቀን ነው ሥር የሚያወጣው። እንዲያውም ረስቼው ነው የሚያወጣው።

ቤቴል_በረንዳ · ታኅሣሥ 1

ወንድሜ፣ አንተ ሀዋሳ ቁጭ ብለህ በካኒቴራ ታወራለህ። እሷ አዲስ አበባ በታኅሣሥ ብርድ ነው ያለችው!

እህቴ፣ የት ነው ያስቀመጥሻቸው?

የሳሎን_ሐረግ · ታኅሣሥ 1

መስኮቱ ደፍ ላይ። ብርሃን እንዲያገኙ ብዬ።

ቤቴል_በረንዳ · ታኅሣሥ 1

በቃ እሱ ነው። ፖቶስ የሞቃት ደሴት ልጅ ነው። ሥር ለማውጣት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ደስ ይለዋል። በዚህ ወር እዚህ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ የመስኮቱ መስታወት ደግሞ ከክፍሉ ይብሳል። ቀን ትንሽ ይሞቃል፣ ሌሊት በረዶ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። አልሞተም፣ ደንዝዞ ነው።

የእኔ ዘዴ፦ ቀን ብርሃን ያለበት ጠረጴዛ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳትመታው። ሲመሽ ፍሪጅ አናት ላይ። የፍሪጁ ሞተር ሙቀት ይሰጠዋል። ውሃ ስትቀይሪም ከቧንቧ የወረደ ቀዝቃዛ አታድርጊ፣ ቤት ውስጥ ያደረ ይሁን።

የጠቆረውን ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለዪው። ጥቁሩን ክፍል ቆርጠሽ ጤነኛ አንጓ ከቀረው በአዲስ ውሃ ጀምሪ። ካልቀረው ጣዪው፣ አትዘኝለት።

ሀዋሳ_ልጅ · ታኅሣሥ 1

እሺ ይቅርታ። እኔ የዲሽ ሪሲቨር ላይ ነው የማስቀምጠው፣ እሱም ይሞቃል።

ጋሽ_ችግኝ · ታኅሣሥ 2

የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ! ልጄ፣ ሥር ሳይሆን እሳት ነው የምታበቅለው። ዛሬውኑ አንሳው።

አንቺ ልጅ ደግሞ፣ የእኔዎቹን በድሮ ፌስታል ሸፍኛቸው። ቆርቆሮውን ከነቁራጩ ከላይ ለበስ አድርጊው፣ ቅጠሉን እንዳይነካ ሁለት እንጨት አቁመሽ። እርጥበቱንም ሙቀቱንም ይይዛል። በየሁለት ቀኑ ገለጥ አድርገሽ አስተንፍሺው።

ሜሪላንድ_ነዋሪ · ታኅሣሥ 3

እኛ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቤቱ በማሞቂያ ይግላል፣ ግን አየሩ ደረቅ ነው፣ ቀኑም በዚህ ወር 10 ሰዓት አይሞላም። ቁራጬ ሥር አወጣ፣ ቅጠል ለማውጣት ግን እስከ መጋቢት ጠበቀ። እናንተ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን አላችሁ። ዋጋውን አታውቁትም።

እህቴ፣ ወንድምሽ ቨርጂኒያ ነው አላልሽም? እንዴት ልትልኪለት ነው?

የሳሎን_ሐረግ · ታኅሣሥ 3

የጥምቀት ሰሞን የምትመለስ የአክስቴ ልጅ አለች። ሁለት ቁራጭ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ ሻንጣዋ ውስጥ ልከትላት አስቤ ነበር።

ሜሪላንድ_ነዋሪ · ታኅሣሥ 3

እንዳታደርጊው! አሜሪካ የሚተከል ነገር ይዞ የሚገባ ሰው የተክሉን ጤንነት የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። ከግብርና ባለሥልጣን የሚወጣ ነው። አፈር ደግሞ ቅንጣት አይፈቀድም። ኤርፖርት ስትደርስ ማስታወቅ አለባት። ካላስታወቀች ይወስዱባታል፣ ቅጣትም አለው። በርበሬና ሽሮ ይዛ ለምትገባ ልጅ ተጨማሪ ችግር አትሁኚባት።

እውነቱን ልንገርሽ? ወንድምሽ እዚያው ሰፈሩ ካለው ሱቅ ገብቶ ይግዛ። ይሄ ሐረግ የትውልድ አገሩ ሞኦሪያ የምትባል የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴት ናት። ሳይንቲስቶች በ1880 እ.ኤ.አ. ነው ፖቶስ ብለው የመዘገቡት፣ በኋላ የሳይንስ ስሙ ተቀየረ፣ ሰው ግን ፖቶስ ማለቱን አልተወም። የሚገርመው ደግሞ አበባ አያወጣም ማለት ይቻላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ምክንያቱን አግኝቷል፤ ለማበብ የሚያስፈልገውን ጂበሬሊን የሚባል ሆርሞን ራሱ መሥራት አይችልም። አበባ ከሌለ ዘር የለም። ስለዚህ በየቤቱና በየቢሮው ያለው ሁሉ ከቁራጭ፣ ያም ከሌላ ቁራጭ የመጣ ነው። የቨርጂኒያውና የእናትሽ የሩቅ ዘመዳሞች አይደሉም፤ አንድ አካል ናቸው ብትዪ ይቀላል።

የሳሎን_ሐረግ · ታኅሣሥ 4

ለወንድሜ ልክ እንዳልከው ነገርኩት። "እና የዚያኛው ሐረግ የአባዬን ፎቶ ዞሯል?" አለና ስልኩን ዘጋው።

ሜሪላንድ_ነዋሪ · ታኅሣሥ 4

በቃ ወረቀቱን አውጡለት።

ሰነፍ_አትክልተኛ · ታኅሣሥ 9

እኔ በጎን ልግባ። ለትዕግሥት የለሽ ሰው ትራዴስካንሺያን ምከሩ። ያቺ ቅጠሏ ከላይ ብርማ መስመር ያላት፣ ከሥሩ ወይን ጠጅ የሆነች። ተሰብራ ብትወድቅ እንኳን ያለችበት ትይዛለች። እኔ በሳምንት ውስጥ ሥር አይቼባታለሁ። ችግሯ ስታድግ ሥሯ አካባቢ ትራቆታለች። መፍትሔው ጫፍ ጫፏን ቆርጦ እዚያው ዕቃ ውስጥ መልሶ መሰካት ነው።

የልብ ሰንሰለት የምትመስለው ሴሮፔጂያ ያላችሁ ደግሞ ክሯ ላይ ትንንሽ ድንች የሚመስሉ ዶቃዎች ታወጣለች፤ አፈር ላይ ማስተኛት ነው፣ መቁረጥም አያስፈልግም። አብዛኛው ሐረግ ግን ሕጉ አንድ ነው፣ አንጓ ከሌለ ልፋቱ በከንቱ።

የሳሎን_ሐረግ · ታኅሣሥ 24

ረጅም ጽሑፍ ነው፣ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

የውሃዎቹን ፍሪጅ አናት ላይ ማሳደር በጀመርኩ በዘጠነኛው ቀን ከቡናማዋ ጉብታ ላይ ነጭ ነጥብ አየሁ። የሩዝ ጫፍ ታክላለች። እማዬን ጠራኋት። መነጽሯን አድርጋ ብርጭቆውን ወደ መብራት አነሳችና "ጥርስ አወጣ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የምትጠይቀኝ "ጥርሱስ?" ብላ ነው። ከስምንቱ ስድስቱ ይዘዋል። የጠቆረው ሞተ። አንዱ እስካሁን ምንም የለውም፣ ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው፣ አልጣልኩትም።

የጋሼ አፈር ውስጥ ያሉትን ዛሬ፣ በ43ኛው ቀን፣ ቀስ ብዬ ሳብ አደረግኳቸው። አምስቱ አልላቀቅም አሉኝ። ይዘዋል! ሁለቱ ከእጄ ጋር ተነቅለው መጡ፣ በስብሰዋል። ስምንተኛው ራቁት አንጓ የነበረው ነው፤ ሰያፉና ቀጥታው ተምታቶብኝ ገልብጬ ተክየዋለሁ። አፈሩን ጫር ሳደርግ እምቡጡ ወደ ታች አቅንቶ ጀምሮ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ታጥፏል። አሳዘነኝ። ፎቶ አነሳሁት።

ከሁሉም ግን ያሸነፈው በፀጉር ሽቦ የተያዘው ነው። ምንም አልጠወለገ፣ ምንም አልደነገጠ። አዲስ ቅጠል ተጠቅልላ እንደ እርሳስ ጫፍ ወጥታለች።

አሁን ጥያቄዬ፦ እናትየው ሐረግ ምን ትሁን? ግድግዳው ላይ 5 ሜትር ቀርቷል። ቤቱን የተረከቡት ሰዎች ግድግዳውን ቀለም ሊቀቡ ነው።

ጋሽ_ችግኝ · ታኅሣሥ 24

ሦስት መሞቱ ደንብ ነው። እኔ አሥር ስተክል አሥሩም ይዘውልኝ አያውቁም።

እናትየዋን ከዕቃው ሁለት ክንድ አስቀርተሽ ቁረጪ። አትደንግጪ። ጫፉ እያለ እምቡጦቹን ያስተኛቸዋል፣ ጫፉ ሲነሳ ይነቃሉ። በሁለት በሦስት ቦታ ታቆጠቁጣለች። ያቺን ዕቃ እናትሽ እንዳለች ይዘዋት ይግቡ። የራሳቸው ናት። ከላይ አንድ እፍኝ ብስባሽ ብቻ ጨምሪላት፣ ከ20 ዓመት በኋላ አፈሯ አልቋል።

የቆቃዋ · ታኅሣሥ 25

ከግድግዳው ስታወርዱት በጉልበት አትሳቡት። የአየር ሥሩ ቀለሙን ይዞ ነው የሚላቀቀው፣ ግንዱም ይላጣል። በቢላ ጀርባ ቀስ እያላችሁ። የጓዳው በር አካባቢ ያሉት ቅጠሎች ቢጫቸው ከጠፋ ከጨለማው ነው፤ ብርሃን ያለበት ስታስገቢው አዲሶቹ ቅጠሎች ይመልሳሉ።

የሳሎን_ሐረግ · ጥር 20

ገባን።

ሐረጉን ያወረድነው ታላቅ ወንድሜና እኔ ነን፣ በጥምቀት ማግሥት። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ግድግዳው ላይ ቡናማ ዱካው ቀርቷል፣ የአባዬ ፎቶ የነበረበትን አራት ማዕዘን ዞሮ። እማዬ ቀለም ቀቢዎቹ እስኪመጡ አልጠበቀችም፣ ቀድማ መኪናው ውስጥ ገባች።

አምስት የኒዶ ቆርቆሮ አለን፣ በየላያቸው ፕላስተር ለጥፌ የልጆቿን ስም በእስክሪብቶ ጻፍኩ። በሽቦ የተያዘውን ታናሿ እህታችን ዕጣ ወጥቶላት ወሰደች፤ አዎ፣ ዕጣ ነው የጣልነው፣ ካልሆነ እንጣላ ነበር። የቨርጂኒያው ቆርቆሮ እማዬ ጋ ነው። ወረቀቱን ለማውጣት ለአክስቴ ልጅ ጉዞ አልደረሰም፣ ፋሲካ ላይ ራሱ መጥቶ እወስዳለሁ ብሏል። እስከዚያ በቪዲዮ ያየዋል።

እናትየዋ ከተቆረጠች 24 ቀኗ ነው። ትናንት ከጉቶው ሁለት ቦታ ላይ አረንጓዴ ጫፍ አየን። እማዬ ግድግዳው ላይ ሚስማር እንድመታ ጠይቃኛለች። ገና ሁለት ጣት እንኳን አላደገም፣ ሚስማሩ ግን ይመታ ተብሏል።

ቤቴል_በረንዳ · ጥር 20

እልል! እና እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎችስ? የመጋቢቶቹ?

የሳሎን_ሐረግ · ጥር 20

ሦስቱን ከቆርቆሮ ነቅዬ ጣልኳቸው፣ ቆርቆሮው ስላስፈለገኝ። የብርጭቆዋን ግን እማዬ አላስነካም አለች። "ሥር አላት፣ ምን አደረገችሽ?" አለችኝ። አሁን አዲሱ ማድ ቤት መስኮት ላይ ናት።

ጋሽ_ችግኝ · ጥር 21

መስኮቱ ይበርዳል። ወደ ውስጥ ሳብ አድርጊያት።